ቤት ሲሸጥ ምን ይሸጣል?
ፎቅ የሌላቸው የአዲስ አበባ ቤቶች ገበያና የአጠናኑ ጉድለት

በአዲስ አበባ አንድ አሮጌ የጭቃ ቤት ከነግቢው ለሽያጭ በቀረበ ጊዜ ገዢው አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ቤቱ አይደለም። ቦታው ስንት ካሬ እንደ ሆነ፣ ካርታ ያለው እንደ ሆነ፣ መንገዱ መኪና የሚያስገባ እንደ ሆነ ይጠይቃል፤ ወደ ውስጥ ገብቶ ጣራውንና ወለሉን የሚያየው፣ የሚያይ ቢሆን እንኳ፣ በመጨረሻ ነው። ውሉ በሚጻፍበት ጊዜ ግን ነገሩ ይገለበጣል። በውሉ ላይ ተሸጠ የሚባለው ቤቱ እንጂ ቦታው አይደለም፤ በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑንና የማይሸጥ የማይለወጥ መሆኑን ደንግጓልና። እንግዲህ ገዢው የሚፈልገው ቦታ ነው፤ በወረቀት የሚገዛው ቤት ነው፤ ሻጩ ጥሎት የሚወጣው ግን ከሁለቱም የተለየ ሦስተኛ ነገር ነው፤ እርሱም ግቢ ነው።

ስለ ከተማው መኖሪያ ቤቶች እስከ ዛሬ ከተደረጉት ጥናቶች የሚበዙት ከሦስቱ ሁለቱን ብቻ ይመለከታሉ። አንደኛው ወገን ቤቱን በግድግዳውና በጣራው ይመዝናል፤ ሁለተኛው ወገን ቦታውን በካሬ ሜትሩ ይተምናል። ሦስተኛውን፣ ማለት ሰዎች በእርግጥ የሚኖሩበትን የግቢ ሥርዓት፣ ሁለቱም ይተዉታል። ከዚህ በታች የሚቀርበው ሒስ ይህ መተው ተራ ግድፈት እንዳይደለ፣ የገበያውንም ጠባይ በትክክል ለመረዳት እንደሚያሰናክል፣ ቤታቸው ለሚፈርስባቸው ሰዎችም ፍርድ እንደሚያጓድል ለማሳየት ነው።

፩ ስለ ግቢ

ግቢ የሚለው ስም «ገባ» ከሚለው ግስ የተገኘ ነው። የነገሥታት መኖሪያም ግቢ ተብሏል፤ የተራው ሰው የታጠረ መኖሪያም ግቢ ይባላል። ቃሉ የሚያመለክተው ጣራ ያለውን ነገር ሳይሆን በአጥርና በበር ከውጭ የተለየውን፣ ለመግባትም ፈቃድ የሚያስፈልገውን ስፍራ ነው። በግቢውም ውስጥ እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ስምና ማዕረግ አለው፤ ደጁ የእንግዳና የጎረቤት ነው፤ ጓዳውና ማጀቱ የቤት እመቤት ነው፤ ጓሮው የሥራ፣ የጎመንና የዶሮ ነው።

በሸዋ ገጠር ባላገሩ በአንድ ጣራ ሥር ተጠቃሎ አይኖርም። መኖሪያ ጎጆው ለብቻው፣ ማድ ቤቱ ለብቻው፣ ጎተራውና በረቱም ለየራሳቸው ይቆማሉ፤ ሁሉንም አንድ የሚያደርጋቸው አጥሩ ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች ወዲህ ከየአገሩ የመጣው ሰው ይህንኑ አቀማመጥ ይዞ ወደ ከተማ ገባ። የሣሩ ክዳን በቆርቆሮ ተለወጠ፤ ክቡ ጎጆ ማዕዘን አወጣ፤ የባሕር ዛፍ እንጨት ቋሚውንና ማገሩን ተካ፤ ከጭድ ጋር የተቦካው ጭቃ ግን እንደ ቀድሞው ግድግዳ መምረጉን ቀጠለ። ጎተራውና በረቱ ቀርተው በምትካቸው ሰርቪስ የሚባሉት የክፍሎች ረድፎች በአጥሩ ጥግ ተሠሩ። ማድ ቤቱና ሽንት ቤቱ ከዋናው ቤት ተለይተው መቆማቸው ግን አልቀረም።

ከውጭ የመጣው የቤት ዓይነት እንኳ ከዚህ ሥርዓት አላመለጠም። ካዛንቺስ የሚለው የሰፈር ስም በኢጣሊያ ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ቤት ይሠራ ከነበረው የኢጣሊያ መሥሪያ ቤት ስም የመጣ ነው። በዚያ ዘመን የተሠሩት ዝቅተኛ ቪላዎች ማድ ቤታቸውን ከዋናው ቤት ጋር ያያዙ፣ ለአንድ ቤተ ሰብ የታሰቡ ነበሩ። ኢትዮጵያውያን ሲገቡባቸው ግን በብዙዎቹ ጓሮ የእንጀራ ማድ ቤትና ሰርቪስ ተጨመረባቸው። ቪላው የቤቱን መልክ ለወጠው እንጂ ግቢውን አልለወጠውም፤ እንዲያውም ግቢው ቪላውን ወደ ራሱ ሥርዓት አስገባው።

በዚህ ግቢ ውስጥ ምን እንደሚደረግ ለአንባቢ መዘርዘር አያስፈልግም ይባል ይሆናል። ነገር ግን ጥናቶቹ የተዉት ይህንኑ በመሆኑ በአጭሩ ማንሣት ይገባል። በርበሬ የሚሰጣውና የሚደለዘው፣ ልብስ የሚታጠበው፣ ለዓመት በዓል በጉ የሚታረደው፣ ሕፃናት በብዙ ዓይን የሚጠበቁት በዚያ ነው። ሰው በሞተ ጊዜ እድሩ ድንኳኑን የሚተክለው፣ ለሠርግም ዳስ የሚጣለው፣ ቦታው የበቃ እንደ ሆነ፣ በግቢው ውስጥ ነው። ከእንግዳ መቀበያው ክፍል ይልቅ የኅብረት ኑሮን የሚሸከመው ይህ ጣራ የሌለው መሬት ነው።

፪ ሕጉ ቤትንና ቦታን እንዴት እንደ ለያያቸው

ገበያው ዛሬ ያለውን መልክ የያዘው በአንድ ጊዜ አይደለም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት መጨረሻ፣ በ1900 ዓ.ም. ግድም በወጣው ደንብ የአዲስ አበባ ቦታ በባለቤትነት የሚያዝና የሚሸጥ ሆነ። ከዚያ ወዲህ እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ ቦታና ቤት አብረው ይሸጡ ነበር፤ ነገር ግን በባላባት ቦታ ላይ ኪራይ እየከፈለ የራሱን ጎጆ የሚሠራ ብዙ ሰው ስለ ነበረ፣ ቤቱ የአንዱ ቦታው የሌላው መሆኑ ያን ጊዜም እንግዳ ነገር አልነበረም።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታን ሁሉና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ለአንድ ቤተ ሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ተተወለት፤ ለመኖሪያ ቤት መሥሪያ የሚሰጠውም ቦታ ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ተወሰነ፤ የግል ቤትን ማከራየት ተከለከለ። ኪራያቸው በወር እስከ 100 ብር የነበረው ቤቶች ወደ ቀበሌዎች ተላለፉ፤ ከዚያ በላይ የሆኑት በመንግሥት የኪራይ ቤቶች መሥሪያ ቤት ሥር ገቡ። በሚቀጥለው ዓመት የወጣው አዋጅ ቁጥር 80/1968 ደግሞ የቦታ ኪራይና የቤት ግብር የሚባሉ ሁለት የተለያዩ ክፍያዎችን ደነገገ። ስሞቹ ራሳቸው ነገሩን ይናገራሉ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ነዋሪው ለቤቱ ግብር የሚከፍል ባለቤት፣ ለቦታው ኪራይ የሚከፍል ተከራይ ሆነ።

ከ1986 ዓ.ም. ወዲህ የመጡት የሊዝ አዋጆች ይህን መለያየት አጸኑት። በ2004 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 721 ነባር ይዞታ ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ወደ ሦስተኛ ወገን ሲተላለፍ ወደ ሊዝ ሥሪት እንዲገባ ደነገገ፤ ለመኖሪያ የሚሰጠውም የሊዝ ዘመን 99 ዓመት ሆነ። ከዚህ የተነሣ በአንድ አጥር ተዋስነው የሚኖሩ ሁለት ጎረቤቶች፣ አንደኛው ከአባቱ የወረሰ ሁለተኛው የገዛ እንደ ሆነ፣ አንድ ዓይነት በሚመስል መሬት ላይ ሁለት ዓይነት መብት ይዘው ይገኛሉ።

የነዚህ ሕጎች ፍሬ በገበያው ላይ ግልጥ ነው። መሬት በስሙ የማይሸጥ ሲሆን በቤት ስም ይሸጣል። ስለዚህ ፎቅ የሌለው አሮጌ ቤት ከመኖሪያነቱ ይልቅ ለቦታው ማስረጃ ሆኖ ይፈለጋል። ሊፈርስ የተዘጋጀ ባለ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት በጥሩ ሰፈር ሲገኝ ከከተማው ዳር ካለ አዲስ የብሎኬት ቪላ ይልቅ መወደዱን ለመረዳት ከዚህ የበለጠ ምስጢር መፈለግ አያሻም። እንዲህ ባለው ሽያጭ የቤቱ ዋጋ ከምንም አይቆጠርም፤ ቤቱ ግን ከሌለ ሽያጩ አይኖርም።

በሌላው ወገን ደግሞ የቀበሌው ቤት ይገኛል። እርሱ የማይሸጥ የማይለወጥ በመሆኑ ከገበያው ውጪ ነው ይባላል። ኪራዩ ለብዙ ዓሥርት ዓመታት እጅግ ዝቅተኛ ሆኖ በመቆየቱ ድኻው በከተማው መካከል እንዲኖር አስችሎታል፤ ያው ዝቅተኛ ኪራይ ግን ለእድሳት የሚበቃ ገንዘብ ስላላስገኘ ግድግዳው ዘመመ፣ ቆርቆሮውም ዛገ። ነዋሪው በገንዘቡ ላድስ ቢልም የራሱ ባልሆነ ቤት ላይ የሚያወጣውን ገንዘብ መልሶ የሚያገኝበት መንገድ አልነበረም። አንዱ ቤት ገበያ ስለ በላው ይፈርሳል፤ ሌላው ገበያ ስላልደረሰበት ያረጃል።

፫ የቆጣሪዎች ስሕተት

በ1987 ዓ.ም. እና በ1999 ዓ.ም. የተደረጉት የሕዝብና የቤት ቆጠራዎች ለከተማው ጥናት ከፍ ያለ ጥቅም ሰጥተዋል፤ ያለ እነርሱ ስለ አዲስ አበባ ቤቶች በድፍረት የሚናገር ሰው ባልኖረም ነበር። ከቆጠራዎቹ እንደሚታየው የአዲስ አበባ ቤቶች የሚበዙት ግድግዳቸው ከእንጨትና ከጭቃ የተሠራ ነው። ነቀፋው በቁጥሩ ላይ ሳይሆን በሚቆጠረው ነገር ላይ ነው። ቆጠራው መኖሪያ ቤት የሚለው ለብቻው የተለየና የራሱ መግቢያ ያለውን ክፍል ነው። ለምሳሌ ያህል ባለቤቷ በዋናው ቤት፣ አራት ተከራዮች በአራት ሰርቪስ የሚኖሩበት አንድ ግቢ ቢኖር በሰንጠረዡ ላይ አምስት ቤቶች ሆኖ ይመዘገባል። አንዱ የውጭ በር፣ አንዱ የውኃ ቧንቧ፣ አንዱ የመብራት ቆጣሪና አንዱ ሽንት ቤት አምስቱን ቤቶች አንድ የኑሮ ማኅበር እንደሚያደርጓቸው ግን ከሰንጠረዡ አይገኝም። ውኃና ሽንት ቤት በጋራ የመሆናቸው ነገር ቢመዘገብም እንደ ጉድለት ብቻ ነው የሚመዘገበው፤ የጋራ መሆኑ በማን ሥርዓት፣ በምን ተራ፣ በምን ዋጋ እንደ ሆነ አይጠየቅም።

ይህ ጉድለት ስለ ኪራይ የሚደረገውንም ጥናት ይነካል። ኪራይን በክፍሉ ስፋት፣ በወለሉ ዓይነትና ከመንገድ ባለው ርቀት ብቻ ለመተርጐም የሚሞክር ሰው አንድ ተራ ደላላ የሚያውቀውን ነገር ይስታል። ደላላው ስለ ክፍሉ ከመናገሩ በፊት አከራዩ በግቢው ውስጥ የሚኖር መሆኑንና አለመሆኑን ይናገራል፤ «ለብቻ ግቢ» የሚለው ቃል ዋጋ ከሚጨምሩት ቃላት አንዱ ነው። ተከራዩ የሚከፍለው ለአራት ግድግዳ ብቻ አይደለም፤ በምሽት ለመግባት፣ እንግዳ ለማሳደር፣ ውኃ ለመቅዳት፣ እንጀራ ለመጋገር ላለው ነፃነት ጭምር ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ በመደንገግ ተከራዩን ከድንገተኛ መባረር ለመጠበቅ አስቧል። ሐሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን በአንድ ግቢ የሚኖሩት ባለቤትና ተከራይ የሚተዳደሩበት ውል ከሚጻፈው ይልቅ የማይጻፈው ይበዛል፤ የግቢውን ልማድ ያላጠና ሰው አዋጁ በእርግጥ የት ላይ እንደሚሠራና የት ላይ እንደማይደርስ ሊያውቅ አይችልም።

የቆጣሪዎች ስሕተት ከሁሉ ይልቅ የሚከብደው ቤት በሚፈርስበት ጊዜ ነው። ቤት ለሕዝብ ጥቅም ሲለቀቅ ካሳው የሚሰላው ያንኑ ቤት መልሶ ለመሥራት በሚያስፈልገው ወጪ ነው፤ የጭቃ ቤት ደግሞ በዚህ ሒሳብ ርካሽ ነው። ገበያው ከፍ አድርጎ የሚገምተው ቦታ በሕግ የባለቤቱ ስላልሆነ እንደ ሸቀጥ አይታሰብም፤ ግቢው ደግሞ ከመጀመሪያውም ስም አልተሰጠውም። የሆነ ሆኖ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ከቀድሞው አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄዶ ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥና ለሥነ ልቦና ጉዳት ካሳ እንዲከፈል ደነገገ። ይህ በከተማ ሕግ ታሪክ ውስጥ ታላቅ ነገር ነው። ነገር ግን ሕጉ ስም የሰጠውን ነገር ሊቃውንቱ ገና አልገለጡትም። የተቋረጠው ትስስር በየትኛው ግቢ፣ በነማን መካከል፣ በምን ግዴታ የታሰረ እንደ ነበረ የሚያሳይ ጥናት ከሌለ ካሳው በግምት የሚወረወር ቁጥር ሆኖ ይቀራል።

፬ የናፋቂዎች ስሕተት

ከዚህ በላይ የተባለው ሁሉ ግቢውን ለማመስገን የተባለ እንዳይመስል ሌላውንም ወገን መንቀፍ ይገባል። የፈረሱትን ሰፈሮች በማስታወስ የሚጻፉት ጽሑፎች ብዙ ጊዜ ግቢን የፍቅርና የመተሳሰብ ስፍራ ብቻ አድርገው ያቀርባሉ። ቡናው በአንድነት ይጠጣ ነበር፤ ልጆቹ የሁሉ ልጆች ነበሩ፤ በሩ አይዘጋም ነበር ይላሉ። ይህ ሐሰት አይደለም፤ ግን እኩሌታው ብቻ ነው።

ግቢ የማዕረግ ስፍራም ነው። ዋናው ቤት ከሰርቪሱ ከፍ ይላል፤ የባለቤቲቱ ልጅና የተከራይዋ ልጅ በአንድ ደጅ ቢጫወቱም በአንድ ዓይን አይታዩም። የቧንቧው ቁልፍ በባለቤቲቱ እጅ ነው፤ አምፖል የሚጠፋበትን ሰዓት የምትወስነው እርሷ ናት፤ ተከራይዋ ዘመድ ሲመጣባት ፈቃድ ትለምናለች። የጋራው ኑሮ ድካምም ቢሆን በእኩል አልተከፈለም፤ ውኃ መቅዳቱ፣ ሽንት ቤት መጥረጉ፣ የድግሱ ወጥ መሠራቱ የሴቶች ዕዳ ነው። በተጨናነቁት ሰፈሮች ውስጥ አንድ ጉድጓድ ሽንት ቤት ለብዙ ቤተ ሰብ ሲሆን፣ ጭሱ ከማድ ቤቱ ወደ መኝታ ሲገባ፣ እሳት ሲነሣ መኪና የሚገባበት መንገድ ሲታጣ፣ እንዲህ ያለውን ኑሮ ቅርስ ነውና ይቆይ ማለት በሌላ ሰው ጤና ላይ መፍረድ ነው።

ግቢዎችም ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም። ባለቤቲቱ የምትኖርበት ግቢ የአከራይና የተከራይ ሥርዓት አለው። የቀበሌ ቤቶች ያሉበት ግቢ ግን በቦታው የሚኖር ባለቤት የለውም፤ ነዋሪዎቹ የጽዳቱን፣ የውኃውንና የመብራቱን ሒሳብ በተራና በመዋጮ ያስተዳድራሉ፤ ጠባቸውንም የሚያስታርቀው ሽማግሌ ወይም እድር ነው። የጨረቃ ቤት የሚባለው፣ በከተማው ዳር ያለ ፈቃድ በሌሊት የተሠራው ቤት ደግሞ ሌላ ዓይነት ነው፤ በዚያ ግቢ ጎረቤት ከሁሉ በፊት ምስክር ነው፤ ካርታ የሌለው ሰው ይዞታውን የሚያስረዳው በጎረቤቶቹ ቃል ነውና። ናፋቂዎቹ እነዚህን ሦስቱን ቀላቅለው አንድ ደግ ሰፈር ይሠራሉ፤ ቆጣሪዎቹም ሦስቱን ቀላቅለው አንድ የተጐሳቈለ ሰፈር ይሠራሉ። ሁለቱ ወገኖች ተቃራኒ መስለው ይታዩ እንጂ ስሕተታቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም ግቢውን ከውጭ በር ላይ ቆመው ነው የተመለከቱት።

የጋራ መኖሪያ ቤቶች ታሪክም ይህንኑ ያስረዳል። ሥራው በ1996 ዓ.ም. በቦሌ ገርጂ በሙከራ ተጀምሮ ከዚያ ወዲህ በብዙ የከተማው ዳርቻዎች ተስፋፋ። የሚበዙት ሕንፃዎች ከምድር በላይ አራት ፎቅ ያላቸው ናቸው። ንድፍ አውጪዎቹ ግቢውን ፈጽመው አልረሱም ነበር፤ ለእንጀራ መጋገሪያ፣ ለእርድና ለልብስ ማጠቢያ የሚሆኑ የጋራ መጠቀሚያ ቤቶችን ከሕንፃዎቹ አጠገብ አሠርተዋል። ነገር ግን የወሰዱት የግቢውን ሥራዎች እንጂ ሥርዓቱን አልነበረም። ማን ይከፍታል፣ ማን ይጠርጋል፣ የማን ተራ ነው የሚሉት ጥያቄዎች መልስ ስላልነበራቸው እነዚህ ቤቶች ለታሰቡበት ጉዳይ ሁልጊዜ አላገለገሉም። በሌላው ወገን ደግሞ የራሱን ሽንት ቤት፣ የራሱን የመብራት ቆጣሪና በስሙ የተጻፈ ወረቀት ያገኘ ተከራይ ወደ ቀድሞው ሰርቪስ ልመለስ አይልም። እርሱ ያጣውንና ያገኘውን አብሮ የማይመዝን ጥናት እርሱን አላጠናም።

፭ ምን ይጠና?

የሕዝብን ልማድ የሚያጠና ሰው የገጠሩን ጎጆ ሲገልጥ ቋሚውን፣ ማገሩን፣ ምሰሶውን በየስማቸው ይጽፋል፤ ማን በየት እንደሚቀመጥ፣ እንግዳ በየት እንደሚያድር ይጠይቃል። ወደ ከተማው ቤት ሲመጣ ግን ይህን ሙያውን ለኢኮኖሚ ተመራማሪውና ለመሐንዲሱ አስረክቦ ይመለሳል። ከተማው የባላገሩ ልማድ የሚያልቅበት ስፍራ መስሎት ከሆነ ተሳስቷል። ከሁለት ሺህ ካሬ ርስት ወደ ሁለት መቶ ካሬ ይዞታ ቢጠብም ግቢው የባላገሩ ግቢ ነው፤ ገበያው ደግሞ ግቢውን ቆራርሶ የሚሸጥበት አዲስ መንገድ ነው። ወራሾች አንዱን ግቢ ለመካፈል ሲሉ አጥር በአጥር ላይ ሲያቆሙ፣ አንዲት መበለት ለመተዳደሪያዋ ሰርቪስ በሰርቪስ ላይ ስትጨምር፣ ወንድማማቾች አንዱ ይሸጥ አንዱ አይሸጥ ብለው ሲካሰሱ፣ የዝምድና ሕግና የገበያ ሕግ ፊት ለፊት የሚገናኙት በዚያች ጠባብ ደጅ ላይ ነው።

ስለዚህ የሚቀጥለው ጥናት ቤትን ትቶ ግቢን የመቍጠሪያ መነሻ ማድረግ ይኖርበታል። የእያንዳንዱ ግቢ ንድፍ ይነሣ፤ ከንድፉም ጋር ማን በየትኛው በር እንደሚገባ፣ ማን ለማን ምን እንደሚከፍል፣ የትኛው ስፍራ የሁሉ የትኛው የአንዱ እንደ ሆነ፣ የእድሩ ድንኳን የት እንደሚተከል ይጻፍ። የሽያጭ ታሪኩም ይከተል፤ ግቢው ስንት ጊዜ እንደ ተከፈለ፣ ከነተከራዮቹ እንደ ተሸጠ ወይም ተከራዮቹ ተነሥተው እንደ ተሸጠ፣ ገዢውም ቤቱን ለመኖሪያ እንደ ያዘው ወይም እንዳፈረሰው ይመርመር። ይህ ሲሆን ዋጋ ማለት የቦታው ስፋት ብቻ አለመሆኑ፣ ከዋጋውም ውስጥ እኩሌታው የሌሎች ሰዎች መነሣት ዋጋ መሆኑ ይገለጥ ይሆናል።

ጊዜው ግን ሰፊ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማት ሥራ ምክንያት በፒያሳ፣ በሚቀጥለውም ዓመት በካዛንቺስ ብዙ አሮጌ ቤቶች ከነግቢያቸው ፈርሰዋል፤ ነዋሪዎቻቸውም ወደ ሌሎች ሰፈሮች ሄደዋል። ሕንፃዎችን በሚመለከት የታሪክ ሊቃውንት አስቀድመው ብዙ ሠርተዋል፤ የሰገነቶቹ ፎቶግራፍ፣ የመኳንንቱ ቤቶች ንድፍ ይገኛል። የሰርቪሶቹ ንድፍ ግን አይገኝም። ከሄዱት ሰዎች መካከል በሕይወት ያሉት የግቢያቸውን ሥርዓት ገና በቃላቸው ያስታውሳሉ፤ የማን በር ከማን በር ፊት ለፊት እንደ ነበረ፣ ማን የማንን ልጅ እንዳሳደገ፣ ማን ማንን ስለ ውኃ እንደ ከሰሰ ይናገራሉ። ሕጉ ለተቋረጠው ትስስር ካሳ ይከፈል ብሏል፤ ማስረጃው በነዚህ ሰዎች ቃል ውስጥ አለ፤ እርሱን መዝግቦ ማቅረብ የሊቃውንቱ ፈንታ ነው።